ልጆች በየቀኑ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ቀድሞ ለመከላከል ዝርዝር መመሪያ

ልጅ «ተንቀሳቀስ» ስለተባለ አይንቀሳቀስም። ኳሱ ቁም ሳጥን ላይ መሆኑ ቀርቶ በሩ ሥር ሲቀመጥ፣ ጫማው ሲመቸው፣ አብሮት የሚሮጥ ሰው ሲያገኝ፣ ስልኩም ከዓይኑ ሲርቅ ግን ማንም ሳይጎተጉተው ይነሳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ትእዛዙን ቀንሱ፣ ቀኑን አመቻቹ።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ችግር አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር፤ ከእነዚህም 160 ሚሊዮን ያህሉ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደረጃ ላይ ደርሰዋል።

ስንት ደቂቃ? ምን ያህል ብርታት?

የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ ከፍሎ ያስቀመጠው ልክ ይህ ነው፦

- ከ1 ዓመት በታች፦ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ተኝቶ እንዲፍጨረጨር ማድረግ። በጋሪ፣ በወንበር ወይም በጀርባ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።
- 1 እና 2 ዓመት፦ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን።
- 3 እና 4 ዓመት፦ 180 ደቂቃ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60ው ትንፋሽ የሚያፈጥን።
- ከ5 እስከ 17 ዓመት፦ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንካራ እንቅስቃሴና ጡንቻና አጥንትን የሚያበረታ ሥራ ይጨመርበት።

«መካከለኛ» እና «ጠንካራ» የሚሉትን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁን እየተንቀሳቀሰ ሳለ አናግሩት። ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብሎ ትንፋሽ ለመሳብ ካቆመ ጠንካራ ነው። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ከዘፈነው ደግሞ ከ60 ደቂቃው ውስጥ አይቆጠርለትም።

60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ለትንንሾቹ እንዲያውም ባይሆን ይሻላል። ልጅ በተፈጥሮው ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይነሳል። የ7 ዓመት ልጅን «ሳታቆም 30 ደቂቃ ሩጥ» ማለት የአዋቂን ልምምድ በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ነው። በሦስተኛው ቀን እምቢ ሲል ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ክብደቱን በዓይን አትገምቱ

በዓይን ግምት ብዙ ወላጅ ይሳሳታል፤ ወፍራሙን «ጤነኛ ነው»፣ ጤነኛውን «ከሳ» ይላል። ትክክለኛው መንገድ ክብደትን በኪሎ ግራም ይዞ፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። 32 ኪሎ የሚመዝን፣ 1.30 ሜትር የሆነ ልጅ ውጤቱ 18.9 ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን በልጅ ላይ ብቻውን ትርጉም የለውም። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ 18.9 ለ14 ዓመት ወንድ ልጅ መሃሉ ላይ ያለ ሲሆን ለ7 ዓመት ወንድ ልጅ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዕድሜና ከጾታ ሰንጠረዥ ጋር ይነበብ። ጤና ባለሙያ በደቂቃ ውስጥ ይሠራዋል።

ቁመት ስትለኩ ጫማ ይውለቅ፤ ተረከዙ፣ መቀመጫውና ትከሻው ግድግዳ ይንኩ፤ ዓይኑ ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናቱ ላይ ግድግዳውን አስደግፋችሁ ዝቅ አድርጉና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከላይ ባለው ምሳሌ 2 ሴንቲ ሜትር አሳንሳችሁ ብትለኩ 18.9 የነበረው 19.5 ይሆናል። በየ3 ወሩ መለካት ይበቃል። በየቀኑ ሚዛን ላይ ማቆም ልጁን ያሸማቅቀዋል እንጂ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መክሳት አይጠበቅበትም። ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ከጨመረ የክብደቱና የቁመቱ ምጣኔ በራሱ ይስተካከላል። ልጅን ማስራብ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። እንቅስቃሴ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛል። ይህን ለማቃጠል 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ መሄድ አለበት። ጠርሙሱን ግን በ5 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጥሙን በውሃ መቁረጥን ከእንቅስቃሴው ጋር በአንድ ቀን ጀምሩ።

1ኛ ደረጃ፦ ለ7 ቀን መዝግቡ፣ ምንም አትለውጡ

ወረቀት ላይ ቀኑን በአራት ክፈሉ፤ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ማታ። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ትንፋሹ የፈጠነበት ደቂቃ፣ ስክሪን ፊት የተቀመጠበት ደቂቃ፣ ደጅ የነበረበት ደቂቃ። ሦስተኛውን አትዝለሉት። ደጅ ያለ ልጅ ማንም ሳያዘው ይንቀሳቀሳል።

መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነው። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ እራት ያለው ሰዓት ነው ባዶ የሚሆነው። ቀኑን ሙሉ ለመለወጥ አትነሱ። ያንን ጉድጓድ ሙሉ።

ልጁ ስፖርት ክለብ ቢኖረውም መዝግቡ። አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ ልጃችሁን ብቻ ተከታተሉ። «የ1 ሰዓት ስልጠና» ውስጥ ወረፋ የጠበቀበትን፣ ማብራሪያ ያዳመጠበትንና ተቀምጦ የቆየበትን ስትቀንሱ፣ የተረፈው ብዙ ጊዜ ከገመታችሁት በእጅጉ ያነሰ ይሆናል።

2ኛ ደረጃ፦ ቤቱን አስተካክሉ

የመጫወቻ ዕቃውን ልጁ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ አድርጉ፦ ኳስ፣ የዝላይ ገመድ፣ ኖራ ወይም ጠመኔ፣ አራት አምስት የፕላስቲክ ጠርሙስ። ኳሱ ሁልጊዜ የተነፋ ይሁን፤ የተነፈሰ ኳስ እንደሌለ ኳስ ነው። ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጥታችሁ ሁሉም ስልክ የሚያድርበት አንድ ቦታ ወስኑ። የወላጆችም ስልክ እዚያው ይደር፤ አለበለዚያ ሕጉ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ስክሪንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት ይላል። ለትልልቆቹ ከሰዓት ቆጠራ ይልቅ ቅደም ተከተል ይሠራል፦ መጀመሪያ ደጅ፣ ቀጥሎ ስክሪን። «30 ደቂቃ ካልሮጥክ ስልክ የለም» ብላችሁ ግን አትደራደሩ። ሩጫው እንደ ቅጣት፣ ስልኩ እንደ ሽልማት ይታየዋል። የቀኑ ሥርዓት እንዲሁ ነው በሉና እለፉ።

እንቅልፍም ከዚሁ ጋር ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ በማግስቱ ይፈዛል፣ ጣፋጭ ይፈልጋል፣ ለጨዋታ አይነሳም።

3ኛ ደረጃ፦ ደቂቃዎቹን በቀኑ ላይ ስፉ

አዲስ ነገር ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ሲታሰር ይጸናል። ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ልጅ የሚሆን ናሙና፦

- ወደ ትምህርት ቤት ፈጠን ያለ ጉዞ፣ 15 ደቂቃ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከመድረሻው 1 ኪሎ ሜትር ቀድማችሁ ውረዱ። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመኪናን ፍጥነት በሚገባ ስለማይገምት መንገድ ብቻውን አያቋርጥ።
- በዕረፍት ሰዓት ሩጫ ያለው ጨዋታ፣ 10 ደቂቃ።
- ከትምህርት ቤት መልስ፣ ልብስ ከመቀየር በፊት 25 ደቂቃ ደጅ። አንዴ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ማስነሳቱ እጥፍ ይከብዳል።
- ከእራት በፊት ከቤተሰቡ ጋር 10 ደቂቃ።

ድምሩ 60 ነው። ከ10 ደቂቃ ለሚነሳ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት 60 አትጠይቁ። በየሳምንቱ 5 እስከ 10 ደቂቃ ጨምሩ፤ ከ5 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ደጅ መውጣት በማይቻልበት ቀን ጠባብ ክፍልም ይበቃል። ስድስት ሥራ ምረጡ፦ በቦታ ሩጫ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ በእጅና በእግር እንደ ድብ መሄድ፣ ሆድን ወደ ላይ አድርጎ እንደ ሸርጣን መሄድ፣ በአንድ እግር መቆም። እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ሥራና 30 ሰከንድ ዕረፍት፤ ሦስት ዙር 18 ደቂቃ ይሆናል። ከታች ሰው የሚኖር ከሆነ የቦታ ሩጫውን ግድግዳ ተደግፎ በመቀመጥ ተኩት፤ ጭኑን ያቃጥለዋል፣ ድምፅ ግን የለውም።

4ኛ ደረጃ፦ ችሎታውን አስተምሩ

«ስፖርት አልወድም» የሚል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚለው «አልችልበትም» ነው። ኳስ መያዝ ያልቻለ ልጅ ሜዳ ዳር ይቆማል፤ ዳር ስለቆመ አይለምድም፤ ስላልለመደም ይበልጥ ይሸሻል። በአምስት ዓመቱ ይህን ሰንሰለት መበጠስ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከሚደረግ ልመና ሁሉ ይቀላል።

*መቅለብ።* ለስላሳና ቀላል፣ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ያዙና 1.5 ሜትር ራቁ። በመጀመሪያ አንከባሉለት፣ ቀጥሎ አንድ ጊዜ አንጥሩለት፣ በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ወርውሩለት። ክርኑ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ ይሁን። ፊቱን ካዞረ ወይም ክንዱን እንደ እንጨት ካደረቀ ፈርቷል ማለት ነው፤ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ስስ ጨርቅ ተመለሱ። ቀስ ብለው ስለሚወርዱ ጊዜ ይሰጡታል።

*መወርወር።* በቀኝ እጁ የሚወረውር ልጅ ግራ እግሩን ያስቀድማል። አብዛኞቹ ጀማሪዎች የእጃቸውን ወገን እግር ነው የሚያስቀድሙት፤ ስለዚህ ኳሱ አይርቅላቸውም። መሬቱ ላይ በጠመኔ የግራ እግር ቅርጽ ሣሉለትና «እዚህ ረግጠህ ወርውር» በሉት።

*ገመድ ዝላይ።* በትንሽ ቦታ ትልቅ ውጤት ያለው ሥራ ይህ ነው፤ ለአጥንትም ይበጃል። ልኩን ለማወቅ ልጁ በአንድ እግሩ የገመዱን መሃል ይርገጥና እጀታዎቹን ወደ ላይ ይሳብ፤ ብብቱ ጋ ከደረሱ ልክ ነው። ከዚያም፦

1. ያለ ገመድ፣ ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እየተነሳ 20 ጊዜ ይዝለል። በእግሩ ፊት በኩል፣ ጉልበቱን በትንሹ አጥፎ ይረፍ።
2. ሁለቱን እጀታዎች በአንድ እጁ ይዞ ገመዱን በጎኑ ያሽከርክር፤ ገመዱ መሬት በነካ ቁጥር ይዝለል። የገመዱን ምት ጆሮው የሚለምደው እዚህ ላይ ነው።
3. ገመዱን በአናቱ ላይ አሳልፎ ከእግር ጣቶቹ ፊት ያቁመው፤ ከዚያ ይሻገረው።
4. አንድ ዝላይ፣ ቆም። ሁለት ዝላይ፣ ቆም። እያለ ይቀጥል።

ሲበላሽ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ገመዱ ገና አናቱ ላይ ሳለ ቀድሞ ይዘላል፤ ወደ 2ኛው ተመለሱ። ወይም እጁ ከጎኑ ስለሚርቅ ገመዱ ያጥርና እግሩን ይጠልፈዋል፤ ክርኖቹ ጎኑን ይንኩ። ወይም ከፍ ብሎ ስለሚዘል በ10 ዝላይ ይደክማል። ሲለምድ 10 ሰከንድ ዝላይና 20 ሰከንድ ዕረፍት ስድስት ጊዜ ይሥራ፤ በየሳምንቱ ዝላዩ ላይ 5 ሰከንድ ጨምሩ።

*ብስክሌት።* ተጨማሪ ትንንሽ ጎማዎች ሚዛን አያስተምሩም፤ ፔዳሎቹን መፍታት ግን ያስተምራል። በብዙ ብስክሌቶች ላይ 15 ሚሊ ሜትር መፍቻ ይሠራል። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል፤ የግራው ጥርስ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ሳያውቁ በኃይል እየታገሉ የሚያጠብቁት ብዙ ናቸው። መፍቻውን ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ብትገፉት ሁለቱም ይላላሉ። ኮርቻውን ልጁ ተቀምጦ ሁለት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርጉ። በእግሩ እየገፋ ይሂድ፤ እግሮቹን አንስቶ ከ5 እስከ 6 ሜትር ሲንሸራተት ፔዳሎቹን መልሱ። ሄልሜቱ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከአገጭ በታች ያለው ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ።

ጨዋታውን የሚያበላሽ አንድ ሕግ

በአባሮሽና በመሰል ጨዋታዎች «የተነካ ይወጣል» የሚለውን ተዉት። መጀመሪያ የሚወጣው ቀርፋፋው ልጅ ነው፤ እንቅስቃሴው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። የተነካ 5 ጊዜ ዘሎ ይመለስ፣ ወይም ባለበት ደርቆ ይቁምና ጓደኛው ነክቶ ይፍታው። ቡድን ሲመረጥም ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ አይመረጡ፤ መጨረሻ የቀረው ልጅ ያንን ቀን አይረሳውም። በልብስ ቀለም ወይም በተወለዱበት ወር ክፈሏቸው።

አስቀድሞ የከበደ ልጅ

ለዚህ ልጅ ሩጫ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ክብደቱ እንቅፋት የማይሆንበት፣ አንዳንዴም የሚያግዝበት ሥራ አለ፦ ዋና፣ ብስክሌት፣ ገመድ ጉተታ፣ ከባድ ኳስ መወርወር። በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ጀምሩ። ጭኖቹ እየተፋተጉ ከቆሰሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበብ ያለ ቁምጣ ከሥር ይልበስ። ብዙ ጊዜ «ሰነፈ» የሚባለው ልጅ ይህን ለመናገር ያፈረ ነው። በሙቀትም ፈጥኖ ይደክማል፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ምረጡለት። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በሙቀት ሲጫወት በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይስጡት።

አነጋገራችሁን ተጠንቀቁ። «ከብደሃል፣ ትንሽ ሩጥ» የሚለው ቃል ልጁን ከሜዳ ያርቀዋል፤ ተደብቆ ወደ መብላትም ይገፋዋል። «ከእራት በፊት ኳስ ልንጫወት ነው፤ ቦታውን አንተ ምረጥ» በሉት። መሻሻሉንም በኪሎ ሳይሆን በሚችለው ነገር ቁጠሩለት፦ ደረጃውን ስንት ጊዜ አርፎ ወጣ? ገመዱን ስንቴ ዘለለ?

ልጃገረዶች በጉርምስና

እ.ኤ.አ. በ2016 በተሰበሰበ የዓለም መረጃ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ ከሚመከረው በታች የሚንቀሳቀሱት ወንዶች 78 በመቶ፣ ልጃገረዶች 85 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የሚሰፋበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር ነው፦ ጡትን ደግፎ የሚይዝ ልብስ አለመኖር፣ በወር አበባ ቀን የመፍሰስ ሥጋት፣ የሚያዩ ዓይኖች። እናት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ቀድማ ታንሳው። ተስማሚ የስፖርት ጡት መያዣና ጠቆር ያለ ቁምጣ ብዙ ይፈታሉ። የወር አበባ እንቅስቃሴ አይከለክልም፤ ሕመሙን የሚያቀልላቸውም ብዙ ናቸው።

በዚሁ ዕድሜ «ክብደት ማንሳት ቁመት ያቆማል» የሚል ፍርሃት አለ። በትክክለኛ አሠራርና በአዋቂ ክትትል ከተሠራ አያቆምም። በራስ ክብደት ይጀመር፤ ከዚያ ቅርጹን ሳያበላሽ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊያነሳው በሚችለው ክብደት፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሃል ዕረፍት እየተደረገ።

ከልክ ሲያልፍና ሐኪም ሲያስፈልግ

በክለብ ለሚሠለጥን ልጅ የሳምንቱ የስልጠና ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ፤ ለ10 ዓመት ልጅ ከ10 ሰዓት በላይ ብዙ ነው። በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ይረፍ። በፍጥነት በሚያድጉ ልጆች ላይ ከጉልበት በታች ባለው እብጠት ወይም ተረከዝ ላይ የሚሰማ ሕመም የተለመደ ነው፤ ዝላዩንና ሩጫውን ለጥቂት ሳምንታት ቀንሱ፣ በዋና ተኩ።

አስም ያለበት ልጅ ከእንቅስቃሴ መታገድ የለበትም። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት መድኃኒቱን ቀድሞ ይውሰድ፤ ሰውነቱን ለ10 ደቂቃ ያፍታታ፤ ወደ አፉ የሚነፋው መድኃኒት (ኢንሄለር) ኪሱ ውስጥ ይሁን።

እነዚህን ካያችሁ ግን እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፦

- እየሮጠ ሳለ ራሱን ከሳተ ወይም ደረቱን ካመመው፣ ይልቁንም በቤተሰብ ውስጥ ዕድሜው 50 ሳይሞላ በድንገት የሞተ ሰው ካለ።
- ሲተኛ በኃይል እያንኮራፋ በመሃል ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ።
- አንገቱ ዙሪያ ወይም ብብቱ ሥር ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ፣ ታጥቦ የማይለቅ ከሆነ፤ ኢንሱሊን በሚገባ አለመሥራቱን ሊያመለክት ይችላል።
- ክብደቱ ከፍ ያለ ታዳጊ እያነከሰ ዳሌውን፣ ብሽሽቱን ወይም ጉልበቱን አመመኝ ካለ፣ እግሩም ወደ ውጭ ከዞረ። በዚህ ዕድሜ ዳሌ ውስጥ ያለው የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ስለሚሰማ ጉልበት ብቻ ተመርምሮ ይታለፋል። በዚያ እግሩ አይርገጥ፤ በዚያኑ ቀን ሕክምና ያግኝ፤ ዳሌውም በራጅ እንዲታይ ጠይቁ።